የሃርድ ዲስኩ መብራት ብልጭ ድርግም ማለቱን አልተው ሲል

ኮምፒውተሩ ከተከፈተ ግማሽ ሰዓት አልፎታል። ማንም ምንም አልነካም፤ ትንሿ የዲስክ መብራት ግን ያለማቋረጥ ብልጭ ድርግም ትላለች፣ ውስጡ ኮሽ ኮሽ ይላል፣ አንድ ፎልደር ለመክፈት ደቂቃ ይፈጃል። ደብረ ማርቆስም ይሁን ባሕር ዳር፣ ፍኖተ ሰላምም ይሁን ዳንግላ፣ እንዲህ ያለ ኮምፒውተር ለጥገና ሲወሰድ ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። ይህን ምክር ቶሎ አይቀበሉ። ፎርማት ሰነድዎንና የቤተሰብ ፎቶዎን ጠርጎ ይሄዳል። ችግሩ የራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ) ማነስ ከነበረ ከሳምንት በኋላ ተመልሶ ይመጣል፤ ዲስኩ እየሞተ ከሆነ ደግሞ ፎርማት አያድነውም።

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ዲስኩን እንዲህ የሚያሯሩጠው ማን እንደሆነ ነው። ለዚህ ካቻቢቴም ገንዘብም አያስፈልግም፤ ዊንዶውስ ራሱ ይናገራል። ከዚህ በታች ያለው ለዊንዶውስ 10 እና 11 ይሠራል።

ግን አንድ ነገር ይቅደም። ኮምፒውተሩ ውስጥ ብቻ ያለ፣ ሌላ ቦታ ቅጂ የሌለው ፋይል ካለዎት አሁኑኑ ወደ ፍላሽ ወይም ወደ ውጫዊ ዲስክ ይገልብጡት። የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሱቅ ሒሳብ፣ የሰርግ ፎቶ፣ ማንኛውም የማይተካ ነገር። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት እዚህ ላይ ነው፤ በኋላ እንደምናየው አንዳንዱ ምርመራ ራሱ የደከመ ዲስክን ሊጨርሰው ይችላል።

መጀመሪያ አንድ ሌሊት ይስጡት

ዲስክ ሥራ በዛበት ማለት ሁልጊዜ ታሟል ማለት አይደለም። መብራት ለቀናት ጠፍቶ ወይም ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ሲመለስ ኮምፒውተሩ የቀረበትን ሁሉ በአንዴ ይጀምራል። የዊንዶውስ ማሻሻያ ያወርዳል፣ የዲፌንደርን (የዊንዶውስ የራሱ አንቲቫይረስ) የቫይረስ ዝርዝር ያድሳል፣ ሳይመረመሩ የቆዩ ፋይሎችን ይመረምራል፣ ፋይል ቶሎ ለማግኘት የሚጠቀምበትን የፍለጋ ማውጫ ያስተካክላል። ይህ ሁሉ በአሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ሰዓታት ይወስዳል።

የቤት ኮምፒውተር ችግር ደግሞ በቀን አንድ ሰዓት ብቻ መከፈቱ ነው። ማሻሻያው ይጀመራል፣ መሐል ላይ መብራት ይሄዳል ወይም ባለቤቱ ይዘጋዋል፤ በነጋታው ሥራው እንደገና ይጀመራል። በዚህ ዓይነት ወር ሙሉ ሳይጨርስ የሚደክም ኮምፒውተር ብዙ ነው። ስለዚህ መብራት በማይቆራረጥበት ቀን ላፕቶፑን ከቻርጀሩ ጋር ይሰኩት። ሴቲንግስ ውስጥ ሲስተም፣ ከዚያ ፓወር የሚለውን ከፍተው ቻርጀር ላይ ሲሆን እንዳይተኛ «ኔቨር» የሚለውን ይምረጡ፤ ክዳኑንም አይዝጉት። መጀመሪያ ግን ሪስታርት ያድርጉት። ሻት ዳውን አይበቃም፤ ዊንዶውስ ሲዘጋ ከፊል ሥራውን ዲስክ ላይ አስቀምጦ በማግሥቱ ከዚያው ይቀጥላልና ከአዲስ የሚጀምረው በሪስታርት ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋት ከተዉት በኋላ ጸጥ ካለ፣ የነበረበት የሥራ ክምችት ነበር። ጠዋትም እንደዚያው ከሆነ ወደሚቀጥለው ይለፉ።

መቶ በመቶ ማለት ምን ማለት ነው?

ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕ የሚሉትን ሦስት ቁልፎች በአንድ ላይ ይጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ዊንዶውስ 10 ላይ ትንሽ መስኮት ብቻ ከመጣ ከታች «ሞር ዲቴይልስ» የሚለውን ይንኩ። «ፐርፎርማንስ» ውስጥ ገብተው ዲስክ የሚለውን ይምረጡ።

እዚህ ሦስት ቁጥሮች አሉ፤ ሰው ሁሉ የሚያየው አንዱን ብቻ ነው። «አክቲቭ ታይም» ዲስኩ ከጊዜው ስንት በመቶውን በሥራ እንዳሳለፈ ይነግራል። የማንበብና የመጻፍ ፍጥነቱ በሰከንድ ስንት ሜጋባይት እንደተላለፈ ያሳያል። «አቬሬጅ ሪስፖንስ ታይም» ደግሞ አንድ ጥያቄ መልስ እስኪያገኝ በሚሊሰከንድ ስንት እንደቆየ ነው። ምርመራው ያለው በሦስቱ መካከል ባለው ግንኙነት ውስጥ ነው።

ብዙ ሰው «ዲስኩ መቶ በመቶ ይላል፣ የሚያነበው ግን ግማሽ ሜጋባይት ብቻ ነው፤ ይህ እንዴት ይሆናል?» ብሎ ይገረማል። ይሆናል። በተለመደው የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ያለው ሳህን በደቂቃ 5400 ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ 90 ጊዜ ይሽከረከራል። አንባቢው ክንድ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ለመሄድና የሚፈለገው ክፍል ዞሮ ከሥሩ እስኪደርስ ለመጠበቅ በአማካይ ከ15 ሚሊሰከንድ በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ የተበታተኑ ፋይሎችን ሲጠየቅ በሰከንድ ከ60 እስከ 100 ጥያቄ ብቻ ይመልሳል። እያንዳንዱ ጥያቄ 4 ኪሎባይት ቢሆን በሰከንድ ከ240 እስከ 400 ኪሎባይት መሆኑ ነው። ያው ዲስክ አንድ ትልቅ ፊልም በተከታታይ ሲያነብ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ገደማ ይሰጣል። አንድ ኩንታል ጤፍ ከጎተራ በአንድ ሸክም ማውጣትና ያንኑ ጤፍ በእፍኝ በእፍኝ እየተመላለሱ ማውጣት እንደ ማለት ነው። እግሩ እኩል ይደክማል፤ የሚደርሰው እህል ግን አይመሳሰልም።

እንግዲህ ከታስክ ማናጀር ፊት ተቀምጠው ለአምስት ደቂቃ ያህል ይመልከቱ።

ዲስኩ መቶ በመቶ ሆኖ ፍጥነቱ 80 ወይም 100 ሜጋባይት ከሆነ አንድ ፕሮግራም ትልቅ ነገር እየገለበጠ ወይም እየመረመረ ነው፤ ዲስኩ ጤናማ ነው፤ ሥራው ያልቃል።

መቶ በመቶ ሆኖ ፍጥነቱ ከግማሽ እስከ ሦስት ሜጋባይት፣ የመልስ ጊዜው በአሥሮችና በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊሰከንድ ከሆነ ብዙ ትናንሽ ጥያቄዎች ተደራርበውበታል። በአብዛኛው የራም ማነስ፣ ማሻሻያ ወይም አንቲቫይረስ ነው።

መቶ በመቶ ሆኖ ፍጥነቱ ዜሮ ወይም ወደ ዜሮ የቀረበ፣ የመልስ ጊዜው ግን ከ1000 ሚሊሰከንድ የዘለለ፣ ማውሱም በየመሀሉ ቀጥ የሚል ከሆነ ብዙ ጊዜ ዲስኩ ወይም ገመዱ ተበላሽቷል። ይህ ሦስተኛው ከታየ ቀጥታ ወደ ዲስክ ጤና ምርመራው ይሂዱ፤ በመሀል ባለው ጊዜ አያባክኑ።

ማን እንደሆነ በስሙ ማግኘት

ታስክ ማናጀር ውስጥ «ፕሮሰስስ» የሚለውን ከፍተው «ዲስክ» የሚለውን የዓምድ ራስ ይንኩት፤ ብዙ የሚሠራው ወደ ላይ ይወጣል። ብዙ ጊዜ ግን «ሲስተም» የሚል ስም ብቻ ይታይና ፍለጋው እዚያው ይቆማል። ትክክለኛው መሣሪያ ሪሶርስ ሞኒተር ነው። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና አር የሚለውን ፊደል በአንድ ላይ ይጫኑ፤ በሚመጣው ትንሽ ሳጥን ውስጥ በእንግሊዝኛ ፊደል አር፣ ኢ፣ ኤስ፣ ኤም፣ ኦ፣ ኤን ብለው ጽፈው ኢንተር ይበሉ። «ዲስክ» የሚለውን ክፍል፣ ከዚያም «ዲስክ አክቲቪቲ» የሚለውን ይክፈቱ። አሁን የፕሮግራሙን ስም ብቻ ሳይሆን በዚያች ቅጽበት የሚነበበውን ወይም የሚጻፈውን ፋይል ከነአድራሻው ያያሉ። «ቶታል» የሚለውን ዓምድ ነክተው ከትልቁ ወደ ትንሹ ያሰልፉት።

የመጀመሪያዎቹን አምስት ስድስት መስመሮች ያንብቡ። ፋይሉ «ፔጅፋይል ዶት ሲስ» ከሆነ ጉዳዩ የራም ነው። አድራሻው ውስጥ «ሶፍትዌር ዲስትሪቢውሽን» የሚል ፎልደር ካለ ወይም ፕሮግራሙ «ቲአይ ወርከር» ከሆነ የዊንዶውስ ማሻሻያ ነው። «ኤምኤስ ኤምፒ ኢንጅን» ዲፌንደር ነው፤ «ሰርች ኢንዴክሰር» የፍለጋ ማውጫው ነው፤ «ኮምፓት ቴል ራነር» ኮምፒውተሩ ለአዲስ ማሻሻያ ይመጥን እንደሆነ መረጃ የሚሰበስበው የዊንዶውስ ክፍል ነው፤ ለብቻው ትተውት ይጨርሳል። «ደብሊው ስክሪፕት» ከሆነ ግን ይጠርጥሩ፤ ስለ እሱ ወደ ታች እንመለሳለን።

ራም ሲያንስ

በእኛ አካባቢ ያገለገሉ ላፕቶፖች ብዙዎቹ 4 ጊጋባይት ራም ይዘው ነው የሚሸጡት። ዊንዶውስ 10 ምንም ሳይከፈትበት ከዚህ ግማሽ ገደማውን ይይዛል። ክሮም በአሥር ታብ፣ ቴሌግራም እና ወርድ ሲጨመሩ ራሙ ይሞላል። ዊንዶውስ ያን ጊዜ ከራም ላይ ለጊዜው ያልተፈለገውን አንስቶ ዲስክ ላይ ፔጅፋይል በሚባለው ፋይል ውስጥ ያስቀምጣል፤ ሲፈለግ መልሶ ያነባል። ራም በናኖሰከንድ የሚሠራውን ዲስክ በሚሊሰከንድ ስለሚሠራው ኮምፒውተሩ ሥራውን ትቶ በመመላለስ ይጠመዳል።

ማረጋገጫው በዚያው በሪሶርስ ሞኒተር «ሜሞሪ» ክፍል ውስጥ ነው። «ሃርድ ፎልትስ» የሚለው መስመር አንዳንዴ ብቅ ብሎ ቢወርድ ችግር የለውም። ደቂቃዎች ሙሉ በሰከንድ በመቶዎች ሆኖ ከቆየና ከራሙም 85 በመቶ በላይ ተይዞ ከታየ ምርመራው አልቋል።

ገንዘብ ሳያወጡ የሚረዳው ታስክ ማናጀር ውስጥ «ስታርትአፕ» የሚለውን ከፍቶ ኮምፒውተሩ ሲነሣ አብረው የሚነሡትን መቀነስ ነው። የድምፅ፣ የስክሪንና የታችፓድ ድራይቨር የሆኑትንና ዲፌንደርን ይተዉ፤ ሌላውን በቀኝ ማውስ ነክተው «ዲስኤብል» ያድርጉ። ክሮም ውስጥ ሴቲንግስ፣ ሲስተም ገብተው ክሮም ከተዘጋ በኋላ መተግበሪያዎች ከጀርባ እንዲሠሩ የሚፈቅደውን ያጥፉት። «ሲስሜይን» የሚባለው፣ ብዙ የሚከፈቱ ፕሮግራሞችን ቀድሞ ራም ላይ የሚያዘጋጀው አገልግሎት 4 ጊጋ ራምና ሃርድ ዲስክ ባለበት ኮምፒውተር ላይ አንዳንዴ ዲስኩን ስለሚያደክም ሰርቪስስ (የዊንዶውስ አገልግሎቶች ዝርዝር) ውስጥ አቁመው ለሁለት ቀን መሞከር ይቻላል፤ ለውጥ ካላዩ መልሰው ያስነሡት። ፔጅፋይሉን ጨርሶ ማጥፋት ግን ስሕተት ነው። ዲስኩ ጸጥ ይላል፤ ራሙ ሲሞላ ግን ፕሮግራሞች ያልተቀመጠ ሥራዎን ይዘው ይዘጋሉ።

እውነተኛው መድኃኒት ራሙን 8 ጊጋ ማድረስ ነው። ከመግዛትዎ በፊት ታስክ ማናጀር፣ ፐርፎርማንስ፣ ሜሞሪ ውስጥ «ስሎትስ ዩዝድ» የሚለውን ይዩ፤ ከ2 ቦታ 1 ብቻ ከተያዘ ያለውን ሳይጥሉ 4 ጊጋ መጨመር ይበቃል። ዓይነቱ ላይ ይጠንቀቁ፦ ዲዲአር3 በ1.5 ቮልት፣ ዲዲአር3ኤል በ1.35 ቮልት፣ ዲዲአር4 በ1.2 ቮልት ይሠራሉ። ዲዲአር3 እና ዲዲአር4 መሰንጠቂያቸው ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ዲዲአር3 እና ዲዲአር3ኤል ግን ቅርጻቸው አንድ ስለሆነ ይገባል፤ በ1.35 ቮልት ብቻ የሚሠራ ላፕቶፕ ላይ ተራውን ቢያስገቡ ግን አይነሣም። አስተማማኙ መንገድ አሮጌውን ራም አውጥቶ ላዩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ይዞ ሱቅ መሄድ ነው።

ሲያስገቡ ቻርጀሩን ይንቀሉ፣ ባትሪውን ያውጡ፣ የማብሪያ ቁልፉን 10 ሰከንድ ይዘው ይልቀቁ፤ ከዚያ እጅዎን ያልተቀባ ብረት ያስነኩ። ራሙን ዘመም አድርገው ወርቃማው ጥርስ እስኪሰወር ያስገቡትና ወደ ታች ሲጫኑት ሁለቱ የጎን መያዣዎች ቀጭ ይላሉ። ከፍተውት ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረ አይደንግጡ፤ አብዛኛውን ጊዜ በደንብ አልገባም ማለት ነው። አውጥተው ጥርሱን በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብለው ያሹት፣ ፍርፋሪውን ያራግፉና መልሰው ያስገቡት።

ማሻሻያ፣ ማውጫና አንቲቫይረስ

በስልክ ሆትስፖት የሚጠቀሙ ከሆነ ሴቲንግስ ውስጥ ኔትወርክ ገብተው የተገናኙበትን ዋይፋይ ይንኩና «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን ያብሩት። ዊንዶውስ ከባድ ማሻሻያዎችን ራሱ ማውረድ ያቆማል፤ ፓኬጅዎም ይተርፋል። ታዲያ በወር አንድ ጊዜ ጥሩ ኢንተርኔት ባለበት አጥፍተውት ማሻሻያውን እስከ መጨረሻ ያስጨርሱት። ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 2018 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 2025) ስላበቃ ኮምፒውተሩ ከቻለ ወደ 11 ማለፉ ይበጃል።

የፍለጋ ማውጫው ኮንትሮል ፓናል ውስጥ «ኢንዴክሲንግ ኦፕሽንስ» በሚለው ይገኛል። «ሞዲፋይ» ብለው ፊልምና ፎቶ የታጨቀባቸውን ፎልደሮች ምልክት ያንሡ፤ ሥራው ወዲያው ይቀንሳል።

ዲፌንደርን አያጥፉት። ሁለት የውጭ አንቲቫይረሶች በአንድ ላይ ተጭነው ከሆነ ግን አንዱን ያስወግዱ፤ አንዱ የሚከፍተውን ፋይል ሌላው እየከፈተ እርስ በርስ ይካሰሳሉ፣ መካከል ላይ የሚደክመው ዲስኩ ነው።

የፍላሽ ቫይረስ

ፎቶ ቤትና ፎቶ ኮፒ ቤት የዞረ ፍላሽ ይዞ የሚመጣው የሾርትከት ቫይረስ ዛሬም አልጠፋም። ፍላሹ ውስጥ ያሉት ፎልደሮች ሁሉ ታች ጥግ ላይ ቀስት ያለባቸው ሾርትከት ሆነው ይታያሉ፤ እውነተኞቹ ተደብቀዋል። ኮምፒውተሩ ላይ ደግሞ «ደብሊው ስክሪፕት» የሚባለው የዊንዶውስ ፕሮግራም አንድን የተደበቀ ስክሪፕት እያስኬደ ይቆያል። ፋይሎችዎ አልጠፉም፤ ስለዚህ ፍላሹን ፎርማት አያድርጉት። ፋይል ማሳያው ላይ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ያድርጉና እውነተኛዎቹን ይገልብጡ። ኮምፒውተሩን ለማጽዳት ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ ከምርመራ አማራጮች «ኦፍላይን ስካን» የሚለውን ይምረጡ። ኮምፒውተሩ ራሱ ተዘግቶ ይነሣል፣ ዊንዶውስ ሳይጀምር 15 ደቂቃ ገደማ ይመረምራል፤ ተደብቆ የሚነሣውን ቫይረስ የሚይዘው ይህ ነው።

ሲ ሲሞላ

ዊንዶውስ ያለበት፣ ሲ የሚባለው የዲስክ ክፍል ቀይ ሆኖ 2 ወይም 3 ጊጋ ብቻ ሲቀረው ፔጅፋይሉ የሚሰፋበት ያጣል፣ ማሻሻያው ይጀመርና ቦታ አጥቶ ይከሽፋል፣ እንደገና ይጀመራል። ቢያንስ ከ15 እስከ 20 ጊጋ ክፍት ይሁን። እኛ ዘንድ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ቴሌግራም ነው። ዳውንሎድስ ውስጥ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» የሚለውን ፎልደር ይክፈቱ፤ የማያስታውሷቸው ቪዲዮዎች ተከምረው ያገኛሉ። ከዚያ ቴሌግራሙ ውስጥ ሴቲንግስ፣ አድቫንስድ ገብተው «ማኔጅ ሎካል ስቶሬጅ» በሚለው የተጠራቀመውን ያጽዱ፤ «አውቶማቲክ ሚዲያ ዳውንሎድ» ላይ ደግሞ የቡድንና የቻናል ቪዲዮ ራሱ እንዳይወርድ ያድርጉ። ዲፍራግመንት (የተበታተኑ የፋይል ቁርጥራጮችን ማሰባሰብ) ለሃርድ ዲስክ ብቻ ነው፤ ለኤስኤስዲ (የሚንቀሳቀስ ክንድ ለሌለው ፈጣን ዲስክ) አያስፈልግም።

ዲስኩ ራሱ ሲታመም

ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ዲስኩ ስለ ራሱ የመዘገበውን አውጥቶ ያሳያል። ሰማያዊ ጤና፣ ቢጫ ማስጠንቀቂያ፣ ቀይ የከፋ ነው። ቀለሙን ብቻ አይመኑ። በ«ፈንክሽን» ሥር «አድቫንስድ ፊቸር»፣ ከዚያ «ሮው ቫልዩስ» ገብተው ወደ አሥርዮሽ ቁጥር ይቀይሩትና እነዚህን መስመሮች ይፈልጉ።

05 ዲስኩ ተበላሹ ብሎ በመጠባበቂያ የተካቸው ቦታዎች ብዛት ነው። ሲ5 ማንበብ ያቃተውና ገና ያልወሰነባቸው ናቸው። ሲ6 ፈጽሞ ያልተነበቡ ናቸው። ሦስቱም ዜሮ መሆን አለባቸው። 05 ላይ 8 ቢኖርና ለወራት 8 ሆኖ ቢቆይ እየተከታተሉ መጠቀም ይቻላል፤ በሳምንት ውስጥ ወደ 40 ከሄደ ዲስኩ እየሄደ ነው። ሲ5 ከዜሮ ከበለጠ ደግሞ ቀጥ እያለ የሚያስቸግርዎት ያ ነው፤ ክንዱ ያችን አንዲት ቦታ ደጋግሞ ለማንበብ ሲታገል ሌላው ጥያቄ ሁሉ ከኋላ ተሰልፎ ይጠብቃል። ፍጥነቱ ዜሮ ሆኖ አክቲቭ ታይሙ መቶ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሲ7 ግን የዲስክ ሳይሆን የመንገድ ስሕተት ነው። በዲስኩና በማዘርቦርዱ መካከል መረጃ ሲበላሽ ይቆጥራል። ዴስክቶፕ ላይ ይህ ቁጥር እያደገ ከሄደ አዲስ ዲስክ ከመግዛትዎ በፊት ሁለቱን የሚያገናኘውን የሳታ ገመድ ይቀይሩ፤ ዋጋው ከዲስክ ጋር አይወዳደርም። ቁጥሩ ራሱ ወደ ኋላ አይመለስም፤ ከተቀየረ በኋላ መጨመር ማቆሙን ነው የሚያዩት።

09 ዲስኩ የሠራበት ሰዓት ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ሳይጠፋ ቢሠራ 8760 ሰዓት ይሆናል። ያገለገለ ላፕቶፕ ሊገዙ ሲሉ ይህን ፕሮግራም በፍላሽ ይዘው ይሂዱና ሻጩ ፊት ይክፈቱት፤ «ብዙም አልሠራም» የተባለው ላፕቶፕ 20 ሺህ ሰዓት ይዞ ሊገኝ ይችላል።

ሌላው ምስክር ኢቨንት ቪወር፣ ማለትም የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ ነው። የዊንዶውስ ቁልፍና ኤክስ ተጭነው ይክፈቱት፤ «ዊንዶውስ ሎግስ»፣ ከዚያ «ሲስተም»። ከ«ዲስክ» የመጣ 7 ቁጥር የተበላሸ ቦታ፣ 153 ተደጋግሞ የተሞከረ ጥያቄ፣ 129 (ይህ የሚመጣው ከዲስክ መቆጣጠሪያው ድራይቨር ነው) መልስ አጥቶ እንደ አዲስ የተቀሰቀሰ ዲስክ ነው። 55 የፋይል ሥርዓቱ መዛባት ነው። 41 ደግሞ በድንገት መጥፋቱን ይነግራል፤ እዚህ ላይ ብዙ 41 ካለ የችግሩ ሥር መብራቱ ሊሆን ይችላል።

ቼክ ዲስክና መብራት

በድንገት መጥፋት የፋይል ሥርዓቱን ያዛባል። ማስተካከያው ቼክ ዲስክ ነው። ስታርት ላይ ኮማንድ ፕሮምፕትን በቀኝ ማውስ ነክተው በአድሚኒስትሬተር ይክፈቱ። ትዕዛዙ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲ፣ ኤች፣ ኬ፣ ዲ፣ ኤስ፣ ኬ ተብሎ ይጻፋል፤ ክፍተት፣ ሲ ከሁለት ነጥብ ጋር፣ ክፍተት፣ ከዚያም ወደ ቀኝ ያዘነበለ መስመርና ስካን የሚለው ቃል። ይህ ኮምፒውተሩ ሥራ ላይ እያለ ይመረምራል፣ ጉዳት የለውም። ስሕተት ካገኘ በስካን ምትክ ኤፍ ብለው ይጻፉ፤ ዋይ ብለው ይመልሱና ሪስታርት ያድርጉ።

በኤፍ ፋንታ አር ቢጽፉ የዲስኩን እያንዳንዱን ቦታ ያነባል። 500 ጊጋ ያለው ጤናማ ዲስክ እንኳ በሰከንድ 90 ሜጋባይት ቢያነብ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይወስዳል፤ የታመመው ሌሊቱን ሙሉ ሊያድር ይችላል። ሲ5 ወይም ሲ6 ከዜሮ የበለጠበት ዲስክ ላይ ፋይሎችዎን ሳያወጡ ይህን አያስጀምሩ። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ወይም ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚይዝ ባትሪ) የሌለው ዴስክቶፕ ላይም መብራት በፈረቃ በሚሰጥበት ሰሞን አይሞክሩት።

ለዴስክቶፕ 650 ቪኤ ዩፒኤስ ለጥቂት ደቂቃ ይይዛል፤ ሥራ አስቀምጦ በሥርዓት ለመዝጋት ይበቃል። ኮምፒውተሩን ከእንጀራ ምጣድ ጋር በአንድ መስመር ወይም በአንድ ዲቫይደር ላይ አይሰኩ፤ ምጣዱ 3 ሺህ ዋትና ከዚያ በላይ ስለሚስብ ሲበራ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ኮምፒውተሩም ሳይታሰብ ይነሣል። በክረምት ነጎድጓድ ሲጀምር መዝጋት ብቻ አይበቃም፤ ከሶኬቱ ይንቀሉት።

ኤስኤስዲ ማስገባት

ራሙ በቂ ሆኖ፣ ቫይረሱ ጠፍቶ፣ ዲስኩም ጤናማ ሆኖ ኮምፒውተሩ አሁንም የሚያቃስት ከሆነ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ መተካት ነው። በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ከሚወጣ ገንዘብ ሁሉ ይህን የሚበልጥ የለም። ተራ የሳታ ኤስኤስዲ በሰከንድ 500 ሜጋባይት ገደማ ያነባል፤ ዋናው ግን የሚንቀሳቀስ ክንድ ስለሌለው ትናንሽ ጥያቄዎችን በሰከንድ በአሥር ሺዎች መመለሱ ነው። ለቤት ሥራ 240 ወይም 256 ጊጋ ይበቃል። 2.5 ኢንች የሆነው 7 ሚሊሜትር ውፍረት አለው፤ አሮጌው ዲስክ 9.5 ሚሊሜትር ከነበረ እንዳይወዛወዝ ጥቅል ካርቶን ወይም አብሮት የሚመጣውን ፕላስቲክ ይደግፉበት።

ደጋ ላይ ለሚኖር ሌላም ምክንያት አለ። በተራ ሃርድ ዲስክ ውስጥ አንባቢው ከሳህኑ በላይ የሚንሳፈፈው በአየር ላይ ነው፤ ብዙዎቹ እንዲሠሩ የተፈቀደላቸው እስከ 3048 ሜትር ከፍታ ድረስ ነው። ባሕር ዳርም ደብረ ማርቆስም ከዚያ በታች ስለሆኑ ችግር የለባቸውም። በጮቄ ተራራ ወገብ ከ3000 ሜትር በላይ ላሉ ቀበሌዎች፣ ለትምህርት ቤትም ሆነ ለጤና ኬላ ኮምፒውተር የሚመርጥ ሰው ግን ገና ከመነሻው ኤስኤስዲ ያለውን ይግዛ።

አሮጌው ዲስክ ጤናማ ከሆነ ክሎንዚላ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ሙሉ በሙሉ መገልበጥ ይቻላል፤ ከሳታ ወደ ዩኤስቢ የሚያገናኝ ገመድ ያስፈልግዎታል። ክሎንዚላ አዲሱ ዲስክ ከአሮጌው እንዳያንስ ስለሚፈልግ አሮጌው 500 ጊጋ ከሆነ መጀመሪያ ክፍሎቹን ማሳነስ ወይም ዊንዶውስን በአዲሱ ላይ እንደ አዲስ መጫን ይቀላል። ከየት ወደየት እንደሚገለበጥ ሲጠይቅዎት የዲስኮቹን መጠንና ስም ሁለት ጊዜ ያንብቡ። ሁለቱን ካምታቱ ባዶው ዲስክ በመረጃዎ ላይ ይጻፋል፤ መመለሻ የለውም። መሀል ላይ መብራት ቢሄድ አሮጌው የሚነበብ ብቻ ስለሆነ አይጎዳም፤ ከመጀመሪያው ይደግሙታል። ዲስኩ የታመመ ከሆነ ግን ክሎን አያድርጉ፤ የሚያስፈልጉትን ፋይሎች ብቻ አውጥተው ዊንዶውስን በአዲሱ ላይ ይጫኑ።

አዲሱ ኤስኤስዲ ከተጫነ በኋላ በመጀመሪያው ቀን መብራቷ እንደገና ትንበለበላለች፤ ማሻሻያው፣ ማውጫውና ዲፌንደር ሥራቸውን ከመጀመሪያው ስለሚሠሩ ነው። አንድ ቀን ይተዉትና በማግሥቱ ታስክ ማናጀርን ይክፈቱ። ምንም ሳይነካ አክቲቭ ታይሙ ከዜሮ እስከ ጥቂት በመቶ መሆን አለበት። የወጣውን ሃርድ ዲስክ 05፣ ሲ5 እና ሲ6 ዜሮ ከሆኑለት የዩኤስቢ ቤት ገዝተው ለፊልምና ለሁለተኛ ቅጂ ይጠቀሙበት፤ ከሦስቱ አንዱ እየጨመረ ከነበረ ግን ለምንም ፋይል ብቸኛ ማስቀመጫ አያድርጉት።